በማይሎማ የክሮሞዞም መዛባት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ሙያዊ ቃላት ስያሜ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ቃሉ ከግእዝ ይውጣ ወይስ ከባዕድ ቋንቋ እንዳለ ይወሰድ በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ብቸኛው አይደለም። ከእርሱ ጎን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ጥያቄ አለ። አንድ ስያሜ በሙያው ውስጥ ተለይተው የቆሙ ነገሮችን ደባልቆ ሲያቀርብ፣ ወይም በሙያው ውስጥ ፈጽሞ የሌለ ሐሳብ በአድማጩ ልብ ሲያሳድር ምን ይደረግ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ለምርመራችን የመረጥነው መስክ ጠባብ ነው። ይኸውም ፀረ-እንግዳ አካላትን በሚያመርቱ ሕዋሳት ላይ የሚነሣውን ካንሰር፣ ማለትም ማይሎማን፣ እንዲሁም በበሽታው ሕዋሳት ውስጥ የሚታዩትን የክሮሞዞም መዛባቶች የሚመለከት የአማርኛ አነጋገር ነው። የምንተቸው የአንድ ደራሲን መጽሐፍ ወይም የአንድ ተርጓሚን ሥራ አይደለም፤ በጤና ትምህርት፣ በጋዜጣ ዓምድና በሐኪም ቤት ምክር ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውን አጠራር ነው። ይህ ዓይነቱ አነጋገር የታወቀ ደራሲ ስለሌለው ኀያሲም አያገኝም፤ ጉዳቱ ግን በመጽሐፍ ከታተመ ስሕተት አያንስም።

ምሳሌዎቻችንን ከጎንደርና ከአካባቢዋ ደጋ የወሰድነው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ካደረሰው እልቂት በኋላ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረት፣ «ጤና መኮንን» የተባሉት ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሠለጠኑበት ቦታ ነው። ዘመናዊው ሕክምና ከገጠሩ አማርኛ ጋር ፊት ለፊት ከተገናኘባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ እንግዲህ ይህ ነው። ዛሬም በአራዳ የሚነግደው ሰውም ሆነ ከወገራና ከዳባት ደጋ ወርዶ የመጣው ገበሬ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ነገሩ ያው ነው። የታማሚው መዝገብ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ምክሩ በአማርኛ ይነገራል። በመካከል የሚቆመው ተርጓሚ የቋንቋ ባለሙያ አይደለም፤ ሐኪሙ ራሱ፣ ነርሷ፣ አለዚያም እንግሊዝኛ የተማረ የታማሚው ልጅ ነው። እነዚህ ተርጓሚዎች መዝገበ ቃላት ለመግለጥ ጊዜ የላቸውም፤ አፋቸው ላይ ያለውን ቃል ይናገራሉ። አፋቸው ላይ መልካም ቃል እንዲገኝ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።

1. የሚሰየመው ነገር

ነገሩን ሳያውቁ ስሙን መተቸት ስለማይቻል አስቀድመን የሚሰየመውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

በሰው ሕዋስ ውስጥ 46 ክሮሞዞሞች በ23 ጥንድ ይገኛሉ። ይህ ቁጥር በትክክል የታወቀው ቲዮና ሌቫን እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጥናት ነው። እያንዳንዱ ክሮሞዞም ወገብ አለው፤ ከወገቡ ወዲህና ወዲያ ያሉት ክፍሎች «ክንድ» ይባላሉ፤ አንዱ አጭር ሁለተኛው ረጅም ነው። በላቦራቶሪ ጽሑፍ አጭሩ ክንድ «ፒ»፣ ረጅሙ «ኪው» በተባሉት የላቲን ፊደላት ይመለከታል። የመጀመሪያው «ትንሽ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን ሁለተኛው በፊደል ተራ ከእርሱ ቀጥሎ ስለሚመጣ ብቻ የተመረጠ ነው።

ፀረ-እንግዳ አካላትን የሚያመርተው ሕዋስ ፕላዝማ ሕዋስ ይባላል። መኖሪያው በዋነኛነት የአጥንት መቅኔ ሲሆን የሚወጣውም ቢ ሊምፎሳይት ከተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ይህ የሕዋስ ወገን ከሌሎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ለየበሽታው የሚስማማ ፀረ-እንግዳ አካል ለማዘጋጀት በ14ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ጫፍና በሌሎች ሁለት ቦታዎች ያለውን የራሱን ጽሑፍ እየቈረጠ መልሶ ይቀጥለዋል። በሌላ አነጋገር ሙያው እንደ ልብስ ሰፊ መቍረጥና መግጠም ነው።

ከእነዚህ ሕዋሳት አንዱ ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ ሲራባ ማይሎማ ይሆናል። አጥንት ይሳሳል፣ ይሰበራል፤ ደም ያንሳል፤ ኩላሊት ይጎዳል። በሕዋሳቱ ውስጥ የሚታዩት የክሮሞዞም መዛባቶች በሦስት ቢከፈሉ ለእኛ ጉዳይ ይበቃል። አንደኛው የቍጥር መብዛት ነው። ከታማሚዎች በግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ ክሮሞዞሞች ከ46 በልጠው ይገኛሉ፤ የሚበዙትም በተለይ 3ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛው፣ 11ኛው፣ 15ኛው፣ 19ኛውና 21ኛው ናቸው። ሁለተኛው የ14ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ከሌላ ክሮሞዞም ቁራጭ ጋር ቦታ ሲለዋወጥ የሚታየው ነው፤ ተለዋዋጩ 11ኛው፣ 4ኛው፣ 16ኛው፣ 20ኛው ወይም 6ኛው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የአንድ ክፍል መታጣት ወይም መደረብ ነው፤ ከእነዚህም መካከል የ13ኛው መታጣት፣ የ17ኛው አጭር ክንድ መታጣትና የ1ኛው ረጅም ክንድ መደረብ ይጠቀሳሉ።

ለሐኪሙ እነዚህ ሁሉ አንድ አይደሉም። የ17ኛው አጭር ክንድ ሲታጣ ሕዋስን ከጥፋት የሚጠብቅ አንድ ዘረመል አብሮ ስለሚሄድ በሽታው ይከፋል። የ4ኛውና የ14ኛው፣ እንዲሁም የ14ኛውና የ16ኛው ልውውጥም ከከባዶቹ ይቆጠራሉ። በአንጻሩ የክሮሞዞሞች ቍጥር መብዛት ብቻውን ሲገኝ በአብዛኛው የተሻለ ተስፋ የሚያሳይ ምልክት ነው። እንግዲህ «ክሮሞዞሙ ላይ ችግር ተገኝቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር የከፋውንም የተሻለውንም ዜና በአንድ ቃል ያሽገዋል።

2. «ነቀርሳ»

በመጀመሪያ የምናገኘው የበሽታውን ስም ነው። ማይሎማ በአማርኛ አንዳንድ ጊዜ «የደም ነቀርሳ»፣ አንዳንድ ጊዜም «የአጥንት ነቀርሳ» ሲባል ይሰማል። «ነቀርሳ» ባለ ታሪክ ቃል ስለሆነ ልናቃልለው አንሻም። ነገር ግን ታሪኩ ራሱ ለዚህ ሥራ የማይመች አድርጎታል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ለረጅም ዘመን የተሰማው ዛሬ ቲቢ የምንለው ተላላፊ በሽታ እንጂ የሳንባ ካንሰር አልነበረም። ስለሆነም አንድ ቃል የሚተላለፈውንም የማይተላለፈውንም፣ በመድኃኒት ጨርሶ የሚድነውንም ብዙ ጊዜ የማይድነውንም በሽታ ተሸክሞ ኖሯል።

በማይሎማ ረገድ ይህ መደባለቅ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ማይሎማ የጀርባ አጥንትን ይሰብራል፤ ቲቢም የጀርባ አጥንትን ይይዛል። ወገቡን የታመመ አንድ ሽማግሌ «የአጥንት ነቀርሳ አለብዎ» ቢባል ቤተሰቡ የትኛውን እንደ ሰማ ማን ያውቃል? ዕቃ የሚለይበት፣ የልጅ ልጆቹን ከአጠገቡ የሚያርቅ ቤተሰብ ቢኖር ክፋት አይደለም፤ ቃሉ የነገረውን ማድረጉ ነው።

በመሆኑም ለበሽታው ወገን «ካንሰር»፣ ለበሽታው ራሱ «ማይሎማ» የሚሉት ቃላት ቢጸኑ እንመርጣለን። «የደም ካንሰር» የሚለው እንደ ወል ስም ሊያገለግል ይችላል፤ ብቻውን ግን ማይሎማን ከሌሎቹ የደም ካንሰሮች አይለየውም። መግለጫ ባስፈለገ ጊዜ «በመቅኔ ውስጥ ባሉ ፀረ-እንግዳ አካል አምራች ሕዋሳት ላይ የሚነሣ ካንሰር» ማለት ይበቃል። «የፕላዝማ ካንሰር» የሚለውን አኅጽሮት ግን አንደግፈውም። «ፕላዝማ» በሕክምናው የደሙ ፈሳሽ ክፍልም ስም ነውና ሕዋስና ፈሳሽ ይምታታሉ፤ በትምህርት ቤት በኩል ደግሞ ቃሉ በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን ትምህርት ለሚያስታውስ ትውልድ ሌላ ትርጕም ይዞ አድጓል።

እግረ መንገዳችንን ስለ ጭረት አንድ ነገር እንበል። «ፀረ እንግዳ አካል» ያለ ጭረት ሲጻፍ ሁለት ዓይነት አነባበብ ይቀበላል፤ «እንግዳ ለሆነ አካል ፀር የሆነ» እና «ለእንግዳ ፀር የሆነ አካል» ተብሎ። እንግዳ መቀበል ክብር በሆነበት አገር ሁለተኛው አነባበብ ፈገግታ ቢያጭር አያስደንቅም። «ፀረ»ን ከሚቀጥለው ቃል ጋር በጭረት ማያያዝ በንባብ ጊዜ ቃሉ ተፈልጎ ተሰባጥሮ የተሠራ ስያሜ መሆኑን ያስታውቃል፤ ለጊዜው በዚህ እንስማማ።

3. «ጉድለት»

ለማንኛውም ዓይነት የክሮሞዞም መዛባት በአማርኛ በብዛት የሚሰማው ቃል «ጉድለት» ነው፤ «የክሮሞዞም ጉድለት» ይባላል። ቃሉ ተርጓሚውን የሚስበው ቀላልና የታወቀ በመሆኑ ነው። ሆኖም ከላይ እንዳየነው ከታማሚዎች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ችግር የክሮሞዞም መትረፍ እንጂ መጉደል አይደለም። ከ46 ይልቅ 53 ክሮሞዞም የተገኘበትን ሕዋስ «ጉድለት አለበት» ማለት ከአንድ ኩንታል በላይ የሞላን ጆንያ ጎዶሎ ብሎ እንደ መጥራት ነው።

«ጉድለት»ን የወል ስም አድርጎ መውሰድ ሁለተኛም ጕዳት አለው። እውነተኛው ጉድለት፣ ማለትም የአንድ ክሮሞዞም ክፍል መታጣት፣ በመጣ ጊዜ የሚጠራበት ስም አይቀርለትም። ተርጓሚው ያን ጊዜ «ስረዛ» ወደሚል ቃል ይሸሻል። ስረዛ ግን ሠራዥ ይፈልጋል፤ በመዝገብ ላይ ስም የሚሰርዝ ጸሐፊ እንዳለ ሁሉ አንድ አካል ሆን ብሎ ያደረገው ነገር ያስመስላል።

ይህ ልዩነት የቃላት ሊቃውንት ብቻ የሚጨነቁበት ነገር እንዳይመስል አንድ የታወቀ ታሪክ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1960 ኖዌልና ሀንገርፎርድ በሌላ ዓይነት የደም ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ አንድ ያለ ልክ ያጠረ ክሮሞዞም አገኙ፤ በከተማቸውም ስም የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለ። ለ13 ዓመታት ያህል የተገመተው አንድ ቁራጭ የጠፋ መሆኑ ነበር። በ1973 ጃኔት ራውሊ ቁራጩ አለመጥፋቱን፣ ከ22ኛው ክሮሞዞም ተነሥቶ 9ኛው ላይ መቀመጡን አሳየች። ጉድለት የተባለው ነገር ልውውጥ ሆኖ ተገኘ፤ ስለ በሽታው መንሥኤ የነበረው አስተሳሰብም ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ ያዘ። በሳይንሱ ውስጥ ሁለቱን ለመለየት 13 ዓመት ከፈጀ፣ በቋንቋችን ሁለቱን መልሶ በአንድ ቃል መጠቅለል የተገኘውን ዕውቀት መልሶ መቅበር ነው።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ ጥንድ አለው። የሒሳብ ሠራተኛ ካዝና ሲቈጥር «ትርፍና ጉድለት» ይላል። «ትርፍ» በአካል ስምም የታወቀ ቃል ነው፤ «ትርፍ አንጀት» ሲባል ግር የሚለው ሰው የለም። ስለሆነም «ትርፍ» ለበዛው፣ «ጉድለት» ለታጣው ክፍል ይቁሙ፤ ሁለቱንም በላያቸው የሚያቅፍ የወል ስም ደግሞ «መዛባት» ይሁን። መዛባት ከልኩና ከሥርዓቱ መውጣትን እንጂ ማነስን ወይም መብዛትን አስቀድሞ አይወስንም።

4. «ዝውውር»

ሁለቱ ክሮሞዞሞች ቁራጭ የሚለዋወጡበትን ሁኔታ «ዝውውር» ብለው የሚጠሩ አሉ። ቃሉ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የታወቀ ነው፤ ሠራተኛ ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል። ነገር ግን እዚህ ያለነው በደም በሽታ መስክ ውስጥ ነው፤ በዚህም መስክ «የደም ዝውውር» የደምን በሰውነት ውስጥ መመላለስ የሚያመለክት የጸና ስያሜ ነው። «በደሙ ውስጥ ዝውውር ተገኝቷል» የተባለ ሰው ደሙ በደንብ እንደሚመላለስ ተነግሮት ደስ ቢለው የሚወቀሰው እርሱ አይደለም።

ከዚህም በላይ «ዝውውር» የአንድ ወገን ጉዞ ነው። በማይሎማ የሚሆነው ግን በአብዛኛው የሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ሰጥቶ ይቀበላል፣ ሌላውም እንዲሁ። የበሽታው ምሥጢርም ከዚህ ላይ ነው። በ14ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ፀረ-እንግዳ አካል በብዛት እንዲመረት የሚያዝ ኃይለኛ ክፍል አለ። ከ11ኛው ወይም ከ4ኛው ክሮሞዞም የመጣ የዕድገት ዘረመል ከዚህ ክፍል አጠገብ ሲቀመጥ ያ ትእዛዝ ለእርሱም ይደርሰዋል፤ ሊያርፍ የሚገባው ሳያርፍ ይሠራል። ስለዚህ የጠፋ ነገር ባይኖርም የተበላሸ ነገር አለ፤ የተበላሸውም ጉርብትናው ነው። ይህን «ልውውጥ» የሚለው ቃል ይገልጸዋል፤ «የክሮሞዞም ልውውጥ» ወይም በተሟላ አነጋገር «የክሮሞዞም ቁራጭ ልውውጥ» ይባል። የተሰጠውና የተመለሰው እኩል ሳይሆን ሲቀር «ያልተመጣጠነ ልውውጥ» ማለት ይቻላል።

በዚሁ አንቀጽ ስለ ቍጥር አነባበብ መናገር ይገባናል። ላቦራቶሪው ልውውጥን የሚያመለክተው «ቲ» የሚሰኘውን የላቲን ፊደል አስቀድሞ፣ የሁለቱን ክሮሞዞሞች ቍጥር በቅንፍ አስከትሎ ነው። ይህ ዓለም አቀፍ ምልክት በወረቀቱ ላይ እንዳለ ይቀመጥ፤ አንነካውም። ጥያቄው ሲነበብ ነው። «የአራትና የአሥራ አራት ክሮሞዞም ልውውጥ» ቢባል አማርኛ ሰሚ 18 ክሮሞዞሞች የተነካኩ ሊመስለው ይችላል፤ «14 ክሮሞዞም ተዛብቷል» ሲባል ደግሞ ግር ሳይለው አሥራ አራቱን ይቈጥራል። በሌሎች ቋንቋዎች የስም ያህል የሚያገለግለው ተራ ቍጥር በአማርኛ የብዛት ቍጥር ነው። ስለሆነም ሁልጊዜ የደረጃ ቍጥር እንጠቀም፤ «የ4ኛውና የ14ኛው ክሮሞዞም ልውውጥ»፣ «የ17ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ጉድለት» እየተባለ ይነበብ። «ኛ» የምትለው አንዲት ፊደል እዚህ ላይ የምትሠራውን ሥራ ረጅም ማብራሪያ አይሠራውም።

5. «ዘር»

እስካሁን ያነሣናቸው ቃላት ያምታታሉ። የሚቀጥለው ቃል ግን ይከሳል።

ለወገራ ገበሬ «ዘር» በመጀመሪያ ለመጪው ክረምት የተቀመጠ ገብስ ነው። ቀጥሎ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ቀጥሎም ትውልድ፣ ወገን፣ የደም ሐረግ ነው። በአማራው ልማድ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚቈጠረው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሲቈጠርም የሚጠየቀው ዝምድና ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ምን ዓይነት ደዌ እንዳለም ይጠየቃል። እንግዲህ «ዘረመል» የሚለው ስያሜ የመጀመሪያ ክፍሉን ያገኘው ከዚህ ቃል ነው። በሥነ ሕይወት መጽሐፍ ውስጥ ይህ መልካም ስያሜ ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደውን በትክክል ያመለክታልና። ነገር ግን ከሐኪሙ አፍ «የዘረመል ለውጥ» ሆኖ የወጣው ቃል ታማሚው ቤት ሲደርስ «የዘር በሽታ» መሆኑ እምብዛም አያስቸግረውም፤ የሚለያያቸው አንድ ቅጥያ ብቻ ነው።

በማይሎማ ግን ዘር የለበትም። የክሮሞዞም መዛባቱ የሚነሣው በአዋቂ ሰው መቅኔ ውስጥ በሚገኝ በአንድ ሕዋስና ከእርሱ በተራቡት ላይ ነው። በቀረው የሰውነቱ ክፍል አይገኝም፤ ለልጅ የሚተላለፈው ሕዋስም ውስጥ የለም። የ14ኛው ክሮሞዞም ልውውጥ በአብዛኛው የሚደርሰው ቀደም ብለን በጠቀስነው የመቍረጥና የመግጠም ሥራ ላይ በሚፈጠር ስሕተት ነው፤ በሌላ አነጋገር የሥራ ላይ አደጋ ነው እንጂ የሐረግ ውርስ አይደለም። ማይሎማ በያዘው ሰው የቅርብ ዘመዶች ላይ በሽታው የመነሣቱ ዕድል ከሌላው ሰው በመጠኑ ከፍ እንደሚል በጥናት የታወቀ መሆኑን አንሸሽግም። ሆኖም ዕድሉ ከፍ ይበል እንጂ የሚወረሰው ልውውጡ ራሱ፣ ትርፉ ራሱ ወይም ጉድለቱ ራሱ አይደለም። ሁለቱን መለየት የስያሜው ኀላፊነት ነው።

ይህ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያስረዳ የቆየ ምሳሌ በእጃችን አለ። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን ሐንሰን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ ሩስቲትስኪ ለማይሎማ ስሙን የሰጠውም በዚያው ዓመት ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ሥጋ ደዌ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን በብዙ ሰው ዘንድ የዘር ደዌ ተደርጎ ሲቈጠርና የጤነኞቹን ልጆች ጋብቻ ሲያሰናክል ኖሯል። ከተላላፊ በሽታ ላይ ያልነበረ ዘር ማውረድ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ ዛሬ ደግሞ እኛው በፈጠርነው ስያሜ ከማይወረስ መዛባት ላይ ዘር ማኖር አይገባንም። አባቷ በማይሎማ የታመመባትን ልጅ አስቡ። ስለ አባቷ ሕመም ማዘኗ ይበቃታል፤ በሽማግሌዎች ፊት «ዘራቸው ላይ አለ» የሚል ቃል ልንጨምርባት አይገባም።

«ጂን» የሚለውን የባዕድ ቃል በምትኩ እንውሰድ የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ዘርን ይሸሻል፤ ግን ከ«ጂኒ» ጋር በአንድ ድምፅ ብቻ ይለያያል። ከሐረግ ክስ አምልጦ ከመንፈስ ክስ ላይ መውደቅ ነው። እኛ የምንለው «ዘረመል» በሳይንስ መጽሐፉ ቦታውን ይያዝ፤ በታማሚ ምክር ጊዜ ግን መዛባቱ በክሮሞዞም ስም ይጠራ፤ ስሙም መነሻውን የሚያመለክት ቅጽል አይለየው ነው። ለዚህ ቅጽል «ኋላ የመጣ» የሚለውን እናቀርባለን፤ ተቃራኒው «የተወረሰ» ነው። «ኋላ የመጣ ዓይን አወጣ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለምና፣ በኋላ ደርሶ የነበረውን የሚገፋ ነገር ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። «ድኅረ ልደት» የሚለው የግእዝ አማራጭ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ሆኖም ከወሊድ በኋላ ከሚሰጠው የእናቶች ክትትል ስም ጋር ይጋጫል።

6. የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ «ኋላ የመጣ» ሐረግ እንጂ ስያሜ አይደለም የሚል ይሆናል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» የሚለውን ሐረግ ስያሜ አድርጎ ሲጠቀም አማርኛ አልፈረሰም፤ ዛሬ ይህን ቃል የማይረዳ ባለ ርስት የለም። አማርኛ በዘማች ግሥ መሰየም የሚችል ቋንቋ ነው። ስያሜ ሁሉ አንድ ቃል ይሁን የሚለው ደንብ ከሌላ ቋንቋ ጠባይ የተወሰደ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ክሮሞዞም»ንና «ማይሎማ»ን እንዳሉ በመተዋችን ይመጣል። ስለ መጀመሪያው እንመልስ። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠረው ጀርመናዊው ዋልዳየር ሲሆን «ቀለም» እና «አካል» የሚሉትን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ነው፤ ምክንያቱም በማይክሮስኮፕ ሥር ማቅለሚያ በቀላሉ ስለሚይዝ ነበር። ስሙ የሚናገረው ስለ ማቅለሚያው እንጂ ስለ ነገሩ ሥራ አይደለም። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብንመልሰው ታማሚው ስለ ቀለም ሲያስብ ይውላል። ባዶ የሆነ የባዕድ ቃል የተሳሳተ ነገር ከሞላበት የአገር ቃል ይሻላል፤ «ነቀርሳ»ንና «ዘር»ን የተቸንበትም መመዘኛ ይኸው ነው። ስለዚህ ለነገሩ ስም ባዕድ ቃል፣ በነገሩ ላይ ለደረሰው ግን የአገር ቃል እንመርጣለን።

ሦስተኛው ከቤታችን የሚነሣ ነው። ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ አገር ናት፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች የሚታወቁባት ናት። በዚያ ጉባኤ አንድ ቃል «አንድም» እየተባለ ብዙ ምሥጢር ሲሰጠው ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ታዲያ ለምን አንድ ቃል ለአንድ ነገር ብቻ ይሁን ትላላችሁ? ሊባል ይችላል። መልሳችን ሁለቱ ጉባኤዎች የተለያዩ ናቸው የሚል ነው። በትርጓሜ ቤት «አንድም» የሚለው መምህር አለ፤ ደቀ መዝሙሩም እየሰማ ይጠይቃል። በሐኪም ቤት «አንድም»ን የሚጨምረው በመንገድ ላይ ያለ ጎረቤት ነው፤ የሚያርመውም የለም። ሊቃውንቱ ቃሉን ሲያበዙ ልዩነቱን ሳያጠፉ ነው፤ እኛ የምንለምነውም ልዩነቱ እንዳይጠፋ ነው።

7. የውሳኔ ሐሳብ

ከዚህ በላይ የተባለውን በመዝገበ ቃላት መልክ ብናቀርበው እንደሚከተለው ይሆናል።

የክሮሞዞም መዛባት፦ የክሮሞዞሞች ቍጥር ወይም አቀማመጥ ከልኩ መውጣት፤ የወል ስም። ከዚህ በታች ያሉት ዓይነቶቹ ናቸው።

የክሮሞዞም ትርፍ፦ አንድ ክሮሞዞም ወይም የክሮሞዞም ክፍል ከልኩ በላይ መገኘቱ።

የክሮሞዞም ጉድለት፦ አንድ ክሮሞዞም ወይም የክሮሞዞም ክፍል መታጣቱ። ለሌላ መዛባት አይነገርም።

የክሮሞዞም ልውውጥ፦ ሁለት ክሮሞዞሞች ቁራጭ መለዋወጣቸው። «ዝውውር» አይባልም።

ኋላ የመጣ፦ ከተወለዱ በኋላ በአንድ ሕዋስና ከእርሱ በሚራቡት ላይ ብቻ የሚደርስ፤ ወደ ልጅ የማይተላለፍ።

የተወረሰ፦ ከወላጅ የመጣና በሰውነት ሕዋሳት ሁሉ የሚገኝ።

እነዚህን ስድስት ስያሜዎች የያዘ ነርስ ወይም የታማሚ ልጅ የላቦራቶሪውን ወረቀት እንዲህ ብሎ ሊያነብ ይችላል፤ «በመቅኔው ሕዋሳት ላይ ኋላ የመጣ የክሮሞዞም መዛባት ተገኝቷል፤ ይኸውም የ4ኛውና የ14ኛው ክሮሞዞም ልውውጥ ነው።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዘር የለም፤ ተላላፊ በሽታ የለም፤ ያልጎደለ ነገር ጎደለ አልተባለም። የከበደ ዜና ነው፤ ክብደቱ ግን የበሽታው ብቻ ነው።

ስያሜዎቹን የምናቀርበው እንዲታረሙ ጭምር ነው። የደም ሐኪሞች ሕክምናው የሚጠይቀውን ልዩነት ሁሉ ይዘን እንደ ሆነ ይንገሩን፤ ተርጓሚዎች በንግግር ውስጥ ምላስ የሚይዘውን ቃል ያመልክቱን። በተለይም በጎንደርና በአካባቢዋ የሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ታማሚዎች እነዚህን ቃላት ሰምተው በራሳቸው አነጋገር ሲመልሱ ምን እንደሚሉ ቢጽፉልን ሥራችን ይቃናል። የአንድ ስያሜ የመጨረሻ ፈተና ሰሚው ቤቱ ገብቶ ለቤተሰቡ ሲደግመው ትርጕሙን ሳይለቅ መቅረቱ ነውና።